የኢቤሪያ ኦርካዎችና የሸራ ጀልባዎች ገጠመኝ

የኢቤሪያ ኦርካዎችና የሸራ ጀልባዎች ገጠመኝ ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ በስፔን፣ በፖርቱጋልና በሰሜን ሞሮኮ ዳርቻዎች የሚታይ ክስተት ነው። ኦርካ የተባሉት የባሕር እንስሳት ወደ ሸራ ጀልባዎች ቀርበው ከጀልባው ኋላ፣ ከውኃ በታች ያለውን መሪ በግንባራቸው ይገፋሉ፤ አንዳንዴም ይሰብሩታል። በዚህ ምክንያት የሰጠሙ ጀልባዎች አሉ፤ በእነዚህ ገጠመኞች ግን የሞተ ሰው የለም። በሌላ በኩል የኢቤሪያ ኦርካዎች ራሳቸው ሊጠፉ የተቃረቡ ናቸው። ስለዚህ ገጠመኙን አስቀድሞ መሸሽ ለመርከበኛውም ለእንስሳውም ይበጃል።

ኦርካ ምንድን ነው?

ኦርካ «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» እየተባለ ቢጠራም በሥነ ሕይወት አመዳደብ ከዶልፊን ቤተሰብ የሚገኝ ሲሆን ከቤተሰቡም ትልቁ ነው። ጥቁርና ነጭ ቀለም አለው፤ እንደ ሰው በሳንባ ይተነፍሳል፤ ልጁንም ጡት ያጠባል። ኦርካዎች በእናት መስመር በሚቆጠር ቤተሰብ አብረው ይኖራሉ። ልጆች አደኑንም፣ የድምፅ መግባቢያውንም፣ ልማዱንም ከእናቶቻቸውና ከአያቶቻቸው ይማራሉ። ስለዚህ አንዱ ቡድን የሚያደርገውን ሌላው ላያውቀው ይችላል።

የኢቤሪያ ኦርካዎች ቁጥር ከ50 አይበልጥም። ርዝመታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6.5 ሜትር ሲሆን ከሌሎች ባሕሮች ኦርካዎች አነስ ይላሉ። ዋና ምግባቸው ሰማያዊ ክንፍ ያለው የአትላንቲክ ቱና ነው። ይህ ዓሣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ኦርካዎቹ ቱናውን እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ አሯሩጠው ካደከሙት በኋላ ይይዙታል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን የኦርካ ወገን «እጅግ ለመጥፋት የተቃረበ» ብሎ መዝግቦታል።

የክስተቱ አጀማመር

የመጀመሪያዎቹ ሪፖርቶች የመጡት እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ከጂብራልታር ሰርጥ ነበር። ሰርጡ ሜዲትራንያን ባሕርን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር የሚያገናኝ፣ ስፔንንና ሞሮኮን የሚለይ ጠባብ የውኃ መተላለፊያ ነው። በዚያው ዓመት ቆየት ብሎ ተመሳሳይ ገጠመኞች በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በጋሊሲያ ዳርቻ ታዩ። ጉዳዩን የሚከታተለው የአትላንቲክ ኦርካ የሥራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 52፣ በ2021 197፣ በ2022 ደግሞ 207 ገጠመኞችን መዝግቧል።

በአብዛኞቹ ገጠመኞች ጀልባው ያለ ጉዳት ወይም በቀላል ጉዳት ያልፋል። ከአምስቱ አንዱ ያህል ግን መንቀሳቀስ እስከማይችል ድረስ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 በፖርቱጋል ሲኔስ አካባቢ፣ በኖቬምበር 2022 በቪያና ዶ ካስቴሎ አቅራቢያ፣ በሜይ 2023 በስፔን ባርባቴ አጠገብ፣ በኦክቶበር 2023 በሞሮኮ ታንጀር አቅራቢያ፣ በሜይ 2024 ደግሞ በጂብራልታር ሰርጥ የሸራ ጀልባዎች ሰጥመዋል። በሁሉም ተሳፋሪዎቹ በሕይወት ተርፈዋል።

ጀልባውን የሚያሰጥመው ብዙ ጊዜ የመሪው መሰበር ብቻ አይደለም። መሪው ከጀልባው ጋር የተያያዘው በአንድ ዘንግ ነው። ኦርካው መሪውን ወዲያና ወዲህ ሲገፋ ዘንጉ ይጣመማል፤ ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳም ይሰነጠቃል። ውኃ በዚያ ስንጥቅ በኩል ይገባል። በጊዜ ካልተደፈነ ወይም በፓምፕ ካልተቀዳ ጀልባው ይሰጥማል።

ለምን ያደርጉታል?

በዜና ብዙ ጊዜ «ጥቃት» ወይም «በቀል» ሲባል ይሰማል። «ነጭ ግላዲስ» የሚል ስም የተሰጣት እንስት ኦርካ በጀልባ ተጎድታ ሊሆን ይችላል የሚለው መላ ምትም በሰፊው ተሰራጭቷል፤ ሆኖም ማስረጃ አልተገኘለትም። ተመራማሪዎች «ጥቃት» የሚለውን ቃል አይወዱትም፤ «ገጠመኝ» ወይም «ንክኪ» ይሉታል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ኦርካ ለመግደል ቢፈልግ አደኑ እንዲህ አይመስልም። በጀልባ ዙሪያ የሚታየው ግን መጠጋት፣ መግፋትና መሪው ሲዞር መመልከት ነው። መሪው ከተሰበረ በኋላ ብዙ ጊዜ ትተው ይሄዳሉ።

የዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በማድሪድ ተሰብስበው ጉዳዩን መርምረዋል። ድርጊቱ ከጠብ ይልቅ ከጨዋታና ከአላፊ ፋሽን ጋር እንደሚመሳሰል ገልጸዋል። መሪ የሚነኩት ኦርካዎች ጥቂት ሲሆኑ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። የቱና ብዛት ከቀድሞው ስለተሻሻለ ምግብ ለማግኘት የሚወስድባቸው ጊዜ አጥሮ ለጨዋታ ጊዜ ተርፏቸው ሊሆን እንደሚችልም ተነግሯል።

አላፊ ፋሽን በኦርካዎች ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ አንዲት ኦርካ የሞተ ሳልሞን ዓሣ በአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተሸክማ መዋኘት ጀመረች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌሎች ቤተሰቦችም ተከተሏት። ከዚያም ልማዱ እንደመጣው ሁሉ ቀረ። የኢቤሪያው ልማድ ግን ከጀመረ ዓመታት አልፈውታል።

ከገጠመኝ መራቅ

ጊዜና ቦታ መምረጥ

ኦርካዎቹ የሚሄዱት ቱናውን ተከትለው ነው። በፀደይና በበጋ በጂብራልታር ሰርጥና በካዲዝ ባሕረ ሰላጤ ይሰበሰባሉ። ከበጋው ማብቂያ ጀምሮ በፖርቱጋል ዳርቻ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጋሊሲያና ወደ ቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ይወጣሉ። ጉዞ የሚያቅድ መርከበኛ ይህን አቅጣጫ አውቆ በአካባቢው ገጠመኝ የሚበዛበትን ወቅት ማሳለፍ ይችላል። የአትላንቲክ ኦርካ የሥራ ቡድን የቅርብ ጊዜ ገጠመኞችን የሚያሳይ ካርታ ያወጣል። ከመነሳት በፊት ይህን ካርታ ማየት በአካባቢው የተለመደ ሆኗል።

ጥልቀት የሌለውን ውኃ መያዝ

አብዛኞቹ ገጠመኞች የሚደርሱት በጥልቅ ውኃ ነው። ስለዚህ ከ20 ሜትር ያልበለጠ ጥልቀት ባለው ውኃ፣ የባሕሩን ዳርቻ ተጠግቶ መጓዝ ይመከራል። የስፔን መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2024 በካዲዝ ባሕረ ሰላጤና በጂብራልታር ሰርጥ መካከል ለሚጓዙ ጀልባዎች ደኅንነት እስከፈቀደ ድረስ ወደ ዳርቻ እንዲጠጉ መክሯል።

ይህ ምክር የራሱ ዋጋ አለው። በዳርቻ አጠገብ ዐለት፣ የዓሣ መረብና የወጥመድ ገመድ ይበዛል። በባርባቴና በአጎራባች ከተሞች ፊት ለፊት በፀደይ ወቅት «አልማድራባ» የሚባል ትልቅ የቱና መረብ ከዳርቻው ወደ ባሕሩ ርቆ ይዘረጋል። በሌሊት መብራት የሌለው ተንሳፋፊ ምልክት አይታይም፤ ገመዱም በሞተሩ ማራገቢያ ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ነፋሱ ወደ ምድር የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ዳርቻው ራሱ ከኦርካው የባሰ አደጋ ይሆናል። በመሆኑም ይህን መንገድ የሚመርጥ መርከበኛ በቀን ብርሃን መጓዝ፣ አዲስ የባሕር ካርታ መያዝና የአየሩን ሁኔታ ማመዛዘን አለበት። ጥልቀት የሌለው ውኃ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ ዋስትና አይደለም።

ኦርካ ሲታይ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሰጠው ምክር «ቁሙ» የሚል ነበር፤ ሸራውን አውርዱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ መሪውን ልቀቁ ይል ነበር። የማይንቀሳቀስ መሪ ጨዋታውን ያደበዝዛል ተብሎ ታስቦ ነው። በኋላ ግን የተመለሱ መርከበኞች ሪፖርት ሲበዛ፣ የቆመ ጀልባ ለረጅም ጊዜ በኦርካዎቹ መካከል እንደሚቀር ግልጽ ሆነ። አሁን የስፔን ባለሥልጣናት የሚመክሩት የሚከተለውን ነው፦

– ጀልባውን አለማቆም፤ በሞተር ኃይል ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ማምራት።
– ከጀልባው ጠርዝ ርቆ መካከል ላይ መቆየት፤ ድንገት ሲገፋ ሰው ሊወድቅ ይችላል።
– እንስሳቱን አለመንካት፣ ነገር አለመወርወር፣ ለመጉዳት አለመሞከር።
– ገጠመኙን በቪኤችኤፍ ሬዲዮ 16ኛ ቻናል ለባሕር ነፍስ አድን ማሳወቅ።
– የሚቻል ከሆነ የጀርባቸውን ክንፍ ፎቶ ማንሳት፤ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ኦርካ የሚለዩት በዚህ ነው።

መሪውን በሚይዝ ሰው እጅም ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ኦርካው መሪውን ሲመታ የመሪው መዘውር በድንገት በኃይል ይሽከረከራልና።

ከጉዞ በፊት ዝግጅት

ልምድ ያላቸው መርከበኞች የሕይወት ጃኬት፣ የነፍስ አድን ጀልባ፣ የሚሠራ የውኃ መቅጃ ፓምፕ፣ ቀዳዳ መድፈኛና የመጠባበቂያ መሪ ሳይዙ በአካባቢው አያልፉም። ውኃ በመሪው ዘንግ በኩል ሲገባ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መከፋፈልም ይጠቅማል።

የማይመከሩ ዘዴዎች

አንዳንዶች ርችት ይተኩሳሉ፣ ናፍጣ ያፈሳሉ ወይም ኃይለኛ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ወደ ውኃ ይጥላሉ። እነዚህ ዘዴዎች ኦርካዎችን ለመመለሳቸው ማረጋገጫ የለም። ኦርካ የሚያድነውም የሚግባባውም በድምፅ ስለሆነ ኃይለኛ ድምፅ የመስማት ችሎታውን ሊጎዳ ይችላል። ኦርካ በስፔንም በፖርቱጋልም በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ ሆን ብሎ የጎዳው ሰው ይጠየቃል። ከ50 በማይበልጥ ወገን ውስጥ የአንዲት እንስት መሞት ለመላው ወገን ትልቅ ጉዳት ነው።

መንግሥታዊ እርምጃዎች

ስፔን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ከ15 ሜትር የማይበልጡ የሸራ ጀልባዎች ከፕሪዮሪኞ እስከ እስታካ ደ ባሬስ ባለው የጋሊሲያ ዳርቻ እንዳይጓዙ ለጊዜው ከልክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በትራፋልጋርና በባርባቴ መካከል ተመሳሳይ ክልከላ ወጥቷል። ክልከላዎቹ ጊዜያዊ ነበሩ፤ ኦርካዎቹ ቦታ ስለሚለዋውጡ ቋሚ አጥር መሥራት አይቻልም።

የመረጃ አሰባሰብ

የእንግሊዝ የመርከበኞች ማኅበር የሆነው ክሩዚንግ አሶሲዬሽን ከአትላንቲክ ኦርካ የሥራ ቡድን ጋር በመተባበር ከመርከበኞች መረጃ ይሰበስባል። ቅጹን የሚሞሉት ኦርካ የገጠማቸው ብቻ አይደሉም፤ በሰላም ያለፉትም እንዲሞሉ ይጠየቃሉ። ለምሳሌ ከተጎዱት ጀልባዎች አብዛኞቹ ነጭ ቀለም ቢኖራቸው፣ ቀለሙ ኦርካን ይስባል ማለት አይቻልም፤ በሰላም ያለፉትም አብዛኞቹ ነጭ ሊሆኑ ይችላሉ። የትኛው ጥልቀት፣ የትኛው ሰዓት ወይም የትኛው ፍጥነት በእርግጥ እንደሚረዳ የሚታወቀው ሁለቱ ወገኖች ሲነጻጸሩ ነው። «ምንም አልገጠመኝም» ብሎ የሚጽፍ መርከበኛም ስለዚህ ለሚቀጥለው መንገደኛ መረጃ ትቶ ያልፋል።