ከአሮጌ ጋቢ የበዓል መከዳ

የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ሲቃረብ፣ በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ በምትገኘው በደጀንና በአካባቢዋ የየቤቱ ዝግጅት ይጧጧፋል። ወለሉ ይለቀለቃል፤ መደቡ ይመረጋል፤ ሣጥኑ ተከፍቶ ያረጀው ልብስ ይወጣል። ታዲያ ምን ይደረግበት?

ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ይገባል። ገና የሚለበሰው የታረዘው ወገን ድርሻ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ማስተማሩ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ተጽፏል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የምትነሣው የኢዮጴዋ ዶርቃም የምትታወሰው መበለቶችን በማልበሷ ነው። መከዳ መሆን ያለበት ተልትሎ ለገላ የማይበቃው ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልብሱ ታጥቦ በፀሐይ በደንብ ይደርቃል፤ እርጥበት ከቀረው ይሻግታልና። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ ያልሳሳው ወገኑ ለልባስ ይቆረጣል፤ ያለቀው ተበጣጥሶ መሙያ ይሆናል። ልባሱ በውስጥ በኩል ሦስት ጎኑ ተሰፍቶ ይገለበጣል፤ ብጥስጣሹ እንዳይጓጉል በደቃቁ ተፍታቶ ይሞላል፤ አራተኛው ጎን በእጅ ይዘጋል። የጤፍ ጭድ የሚሞላም አለ፤ ጭድ ግን ስለሚደቅ በየጊዜው መለወጥ ይኖርበታል።

በሞት የተለየች እናት ቀሚስ መከዳ ሆኖ እንግዳ ሲያርፍበት፣ በሣጥን ታጥፎ ብል ከሚበላው ይልቅ መታሰቢያነቱ ይልቃል። ይሁን እንጂ የሚለበሰውን ቆልፈን፣ በታኅሣሥ ውርጭ የሚንቀጠቀጥ ሰው በደጃችን ካለፈ፣ መከዳው ምንም ቢያምር ቤቱ ለበዓል አልተሰናዳም። በጨርቅ ተጠቅልሎ በግርግም የተኛውን ጌታ የምንቀበለው አስቀድመን የታረዘውን በማልበስ ነው።

መልካም በዓል!