ወደ ባዕድ አገር ስለሚሄዱ ልጆችና ስለ ቋንቋቸው

ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ ልብሱንና ስንቁን ይጭናል፤ ቋንቋውን ግን ማንም አይጭነውም፤ ሳይጫን አብሮ ይሄዳል ተብሎ ይታሰባልና። ይህ ነገር በዐዋቂ ሰው ዘንድ እውነት ነው፤ በሕፃን ዘንድ ግን እውነት አይደለም። የሕፃን ቋንቋ እንደ ችግኝ ነው፤ ውሃ የሚያጠጣው ካጣ ይደርቃል።

ለዚህም የልዑል ዓለማየሁ ታሪክ ምስክር ነው። በ1860 ዓ.ም. አባታቸው ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱ ልዑሉ የ7 ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ዐረፉ፤ ልጁም ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። በመጀመሪያ የጠበቋቸው ካፒቴን ስፒዲ አማርኛ ያውቁ ነበር፤ በኋላ ግን ከእርሳቸው ተለይተው ወደ እንግሊዝ ተማሪ ቤት ገቡ። በቋንቋቸው የሚያናግራቸው ሰው ስላጡም አማርኛን ረሱ። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው በዚያው በባዕድ አገር ሞቱ።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ገና ሕፃን ሳሉ ከዚያው ከመቅደላ ተወስደው በሕንድ አገር አደጉ። ትምህርታቸው እጅግ ቀናቸው፤ የታወቁ ሐኪምም ሆኑ። ነገር ግን ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ አያታቸው በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ዐወቋቸው እንጂ በንግግር አላወቋቸውም፤ የልጅነት ቋንቋቸው ጠፍቶ ነበርና። እንግዲህ ትምህርት ሲገኝ ቋንቋ ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ዛሬ ልጆች ወደ ባዕድ አገር የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቻቸው ጋር እንጀራ ፍለጋ ነው። ከወላይታ ሶዶ፣ ከቦዲቲና ከአረካ ብዙ ሰዎች ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ሌሎችም ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ዐረብ አገሮችና ወደ አሜሪካ ይሻገራሉ። ልጆቻቸው የሚናገሩት ወላይትኛ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ1,600,000 የሚበልጡ ሰዎች አፍ የፈቱበት ቋንቋ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህም የወላይታ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በዚህ ቋንቋ መማር ጀመረ።

የወላይታ ሕዝብ ቋንቋውን ምን ያህል እንደሚወድ በ1992 ዓ.ም. ታየ። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ተማሪ ቤት በገባ ጊዜ የሶዶ ሕዝብ ተቃወመ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ በመጨረሻም መጽሐፉ ቀረ። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ቋንቋ ግን በባዕድ አገር፣ ማንም ሳይከለክለው፣ በአንድ ቤት ውስጥ በጥቂት ዓመት ሊጠፋ ይችላል።

የሚጠፋበትም መንገድ እንዲህ ነው። ልጁ አዲስ ተማሪ ቤት ሲገባ በመጀመሪያ ዝም ይላል። ወላይትኛ ግሱን እንደ አማርኛ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያኖራል፤ እንግሊዝኛ ግን በመካከል ያገባዋል። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ልጁ የፊደሉን መልክ ያውቃል፤ ነገር ግን በሶዶ «ጠ» ብሎ ያነበበው ኤክስ፣ «ቀ» ብሎ ያነበበውም ኪው በእንግሊዝኛ ሌላ ድምፅ ሆነው ያገኛቸዋል። ወላጆቹም ዝምታውን አይተው ይደነግጣሉ፤ «የቤቱ ቋንቋ አሰናከለው» ብለው በተሰበረ እንግሊዝኛ ያናግሩት ጀመር። ያን ጊዜ ልጁ ከወላጆቹ ጥሩ እንግሊዝኛ አያገኝም፤ ጥሩውንም ወላይትኛ ያጣል።

የትምህርት ጠበብት በካናዳና በሌሎችም አገሮች መርምረው እንዳገኙት፣ አዲስ መጥ ልጅ የጨዋታና የመንገድ ንግግር በ1 ወይም በ2 ዓመት ይለምዳል። የመጽሐፍና የፈተና ቋንቋ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ይፈጅበታል። ይህን የማያውቅ ሰው ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲሣሣቅ ይሰማና በታሪክ ትምህርት ሲወድቅ ሰነፍ ነው ይለዋል። ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም፤ በመንገድ ላይ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏልና ታግሦ ማስተማር ይገባል።

ደግሞም የቤት ቋንቋ ለአዲሱ ትምህርት መሠረት ነው እንጂ እንቅፋት አይደለም። አንድን ዳቦ ለአራት ማካፈልን በወላይትኛ የተማረ ልጅ በእንግሊዝኛ ነገሩን እንደገና አይማርም፤ ስሙን ብቻ ይማራል። በአንድ ቋንቋ ማንበብ የቻለም በሌላው ለማንበብ ይቀለዋል።

ሌላም ፈተና አለ። ልጁ ከወላጆቹ ቀድሞ የአገሩን ቋንቋ ሲያውቅ፣ ወደ ሐኪም ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ አድርገው ይወስዱታል። አንድ ቀን ቢሆን መረዳዳት ነው፤ ዘወትር ሲሆን ግን ከትምህርቱ ይጎድላል፤ ለዕድሜው የማይገባውን ጭንቀትም ይሸከማል፤ ወላጆቹን መናቅም ይጀምር ይሆናል።

ስለዚህ ብልህ ወላጅ ከመነሣቱ አስቀድሞ የልጁን የትምህርት ማስረጃ ይይዛል፤ ልጁ ቋንቋ ስላጣ ብቻ ከዕድሜው በታች ወዳለ ክፍል እንዳይወርድ ለአስተማሪው ያስረዳል። በቤቱም ማታ ማታ የአያቶቹን ተረት በወላይትኛ ይነግረዋል፤ በአገር የቀረችውን አያቱን በስልክ ያነጋግረዋል፤ ከወላይትኛ መጽሐፍም ያስነብበዋል። በባዕድ አገር ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር በአማርኛ የሚነጋገር ቢሆንም አማርኛውን ይጨምርለታል እንጂ ወላይትኛውን አያስጥለውም። አንድ ልጅ ሦስት ቋንቋ ሊይዝ ይችላልና፤ በሶዶ ከተማም ይህን የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው።

የባዕድ አገር ተማሪ ቤት የባዕድን ቋንቋ ለማስተማር መጻሕፍትም መምህራንም አሉት። ወላይትኛን የሚያስተምር ግን በዚያ አገር ከእናትና ከአባት በቀር ሌላ አስተማሪ አይገኝም። እነርሱ ዝም ካሉ ልጁ አንድ ቀን ወደ ሶዶ ተመልሶ በአያቱ ደጅ ይቆማል፤ አያቱም ትስመዋለች፤ የምትነግረውን ግን አይሰማም።