ማለትና መሻት

ከጅቡቲ ከተማ መሀል 12 ኪሎ ሜትር ርቃ በመገኘቷ ከዚሁ ርቀት ስሟን የወረሰችው ፔካ 12፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዙ ከባድ መኪናዎች የሚቆሙባት ሰፈር ስለ ሆነች፣ አማርኛ ከሶማሊኛ፣ ከአፋርኛ፣ ከዐረብኛና ከፈረንሳይኛ ጋራ ሲገናኝ የሚውልባት፣ ለሰዋስው ወዳጅ ታላቅ ጉባኤ ናት።

እዚያ አንድ ሾፌር «ሞተሩ አቀበት ላይ ልጥፋ ልጥፋ ይላል» ቢል፣ ረዳቱ ብረት አንደበት አወጣ ብሎ አይደነቅም፤ ሊጠፋ መቃረቡን ይረዳል እንጂ። «ልሂድ አለ» የተባለውም ሰው አንድም በቃሉ ተናገረ፣ አንድም በልቡ መሄድን ፈለገ ማለት ስለሚሆን፣ «አለ» ቃልና ፈቃድ በአንድነት የሚያድሩበት ግሥ ነው።

ይህ የሁለቱ ጉርብትና በሌሎችም ልሳናት ይታያል። ላቲን «ዲኮ ቴ ቬኒሬ» ሲል መምጣትህን እናገራለሁ፣ «ቮሎ ቴ ቬኒሬ» ሲል መምጣትህን እሻለሁ ማለቱ ነውና፣ ለማለትም ለመሻትም በዚያው ንዑስ አንቀጽ ያስራል፤ ማለቱ ትእዛዝ ሲሆን ግን «ዲኮ ቲቢ ኡት ቬኒያስ» ብሎ ወደ ዘንድ አንቀጽ ይሻገራል። ሰርቦክሮዋትኛ ደግሞ «ካዤም ዳ ዶላዚሽ»፣ «ሆቹ ዳ ዶጄሽ» እያለ «ዳ» የምትባለውን አንዲት አገባብ ለሁለቱም ሲያውል፣ በዚህ ምሳሌ ልዩነቱን የሚገልጠው የግሡ መልክ ነው።

የእኛ አማርኛ «እንደምትመጣ ተናገርሁ» እና «እንድትመጣ ፈለግሁ» ብሎ፣ በተለይ «ም»ን በማግባትና በማውጣት ይለያቸዋል፤ ይህም ጥበብ ከብዙ የሰዋስው ሕግ ይልቅ እኔን ያስደንቀኛል። ከኢትዮጵያዊው ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1698 የአማርኛን ሰዋስው በላቲን ጽፎ ሲያሳትም፣ በአንዱ ልሳን አገባብ የሌላውን መመርመር ምን ያህል ድካም እንደ ጠየቀው መገመት አያስቸግርም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን በፔካ 12 በየቀኑ የሚሰማው የሶማሊኛ «አለ» ከግዕዙ ጋራ ያለው ዝምድና ነው። በግዕዝ የ«ብህለ» ዘር የሆነው «ይቤ»፣ ማለትም «አለ»፣ መልኩ የትንቢት ሆኖ ሳለ ፍችው ኀላፊ ነው፤ «እቤ፣ ትቤ፣ ይቤ፣ ንቤ» እያለ የባለቤቱን ፊደል ከፊት ያስቀድማል። ሶማሊኛም፣ አብዛኞቹ ግሦቹ ይህን ምልክት በስተኋላ ሲያስከትሉ፣ ይህንኑ የ«አለ»ን ግሥ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋራ «ኢዺ፣ ቲዺ፣ ዪዺ፣ ኒዺ» እያለ በፊት ምልክት ይገሠዋል፤ ሴማዊውና ኩሻዊው ከአንድ ጥንታዊ ግንድ የተገኙ ናቸውና። የቅኔ ቤት መምህራንና የሶማሊኛ ሊቃውንት በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይህን ዝምድና ቢመረምሩት እጅግ እወዳለሁ።