ዘውዱ በየት በኩል ወጣ?

ሙዚየም ያለፈው ዘመን ዕቃ ተጠብቆ የሚታይበት ቤት ነው። በ2010 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አንድ ዐውደ ርእይ ተከፍቶ ነበር። ስሙ «መቅደላ 1868» ነው። ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 1860 ዓ.ም. መሆኑ ነው። መቅደላ የእኛው የወሎ አምባ ናት። ታዲያ ዕቃዋ እንዴት ባሕር ተሻገረ? በሐሳባችን ገብተን እንይ።

በመስተዋት ውስጥ 20 ያህል ዕቃዎች ተደርድረዋል። የወርቅ ዘውድ አለ። የወርቅ ጽዋ አለ። የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል ቀሚስም አለ።

ነገሩ የሚጀምረው ከወደብ ነው። ወደብ መርከብ የሚቆምበት የባሕር ዳር ነው። በቀይ ባሕር ዳር፣ ዛሬ በኤርትራ ምድር፣ ዙላ የሚባል ስፍራ አለ። እዚያው አጠገብ የአክሱም መንግሥት ወደብ አዱሊስ ነበረች። በጥንት ጊዜ በአዱሊስ በኩል የዝሆን ጥርስ ወደ ውጭ ይሸጥ ነበር።

በ1860 ዓ.ም. ግን በዙላ የገባው ነጋዴ አይደለም፤ ጦር ነው። አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ ሰዎችን አስረው ነበር። እንግሊዝም 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን በመርከብ አመጣች።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች። ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሩ ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ዘረፈ። ዕቃው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደ። እዚያም ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ከገዢዎቹ አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር እኮ! ከዚያ ዕቃው ጦሩ በገባበት በዙላ ወጣ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ግን ከባድ ነው፤ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ።

በ2010 ዓ.ም. ሙዚየሙ ዕቃውን ለረጅም ጊዜ ላውሳችሁ አለ። ኢትዮጵያ ግን የጠየቀችው እንዲመለስላት ነው። ለመሆኑ ባለቤት የገዛ ዕቃውን ይዋሳል እንዴ? በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሌላ የለንደን ሙዚየም የቴዎድሮስን ጸጉር መልሷል። ይህ ጥሩ ጅምር ነው።

አንባቢዎች ሆይ፤ ሙዚየም ስትገቡ ዕቃውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። በሥሩ የተጻፈውንም አንብቡ። ማን ሠራው? ከማን ተወሰደ? በየት በኩል ወጣ? ብላችሁ ጠይቁ።