የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም የት ይገኛል?

ይህ ጥያቄ ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚወልድ ቤተሰብ የቆየ ጭንቀት ነው። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2000 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር ያሳያል። በ2016 ቁጥሩ 67 ደረሰ። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የወረዱት። ቀድሞ ከሟቾቹ ሲሶ እንኳ የማይሞሉት ጨቅላዎች ወደ ግማሹ ተጠግተዋል ማለት ነው።

ለትልልቆቹ ልጆች ክትባት በዘመቻ ይሰጣል፤ ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቦርሳ ቤት ድረስ ይሄዳል። ጨቅላውን የሚገድሉት ግን በዋናነት ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ወቅት መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። ታፍኖ ለተወለደ ልጅ ያለው ጊዜ ደቂቃ ነው፤ በዚያች ደቂቃ አጠገቡ ያለው ሰው ማስተንፈስ ካልቻለ በማግስቱ የሚደርስ ስፔሻሊስት አያድነውም።

ስፔሻሊስቱም ቶሎ አይገኝም። ጠቅላላ ሐኪም የሆነ ሰው የሕፃናት ስፔሻሊስት ለመሆን ሦስት ዓመት ይማራል፤ የጨቅላ ሕክምና ደግሞ ከዚያም በላይ ሌላ ሥልጠና ይጠይቃል። ይህን የጨረሱት በአብዛኛው አዲስ አበባና ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ወላጅ ሪፈር ይጻፍለትና መንገድ ይጀምራል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ መንገድ ነው፤ ጨቅላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ቅዝቃዜውም ሕመሙን ያባብሳል። ልጁ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ተጣብቆ፣ ከላይ ጋቢ ተደርቦበት ቢጓዝ ይሻላል። የእናት ገላ ሙቀት ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆኑ ጨቅላዎችን ከሞት እንደሚታደግ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

እንግዲህ ሐኪም ፍለጋው ምጥ ሲመጣ ሳይሆን በእርግዝና ክትትል ወቅት ቢጀመር መልካም ነው። በአቅራቢያችን የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ያለው የትኛው ሆስፒታል ነው? ኦክስጅን አለው? ሌሊት የሠለጠነች ነርስ ትኖራለች? መንታ ላረገዘች፣ ደም ግፊት ላለባት ወይም ከዚህ ቀደም ያለ ጊዜዋ ለወለደች እናት እነዚህ ጥያቄዎች የግድ ናቸው። የሐኪሙን ስም ከማወቅ የክፍሉን ዝግጅት ማወቅ ይበልጣል እላለሁ።

ከተወለደ በኋላ ጡት አልጠባም ያለ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ወይም ያተኮሰው፣ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ የሆነ ጨቅላ በዚያው ሰዓት ይታይ። አራስና ልጇን እስከ ክርስትናው ከቤት አለማውጣት ከርኅራኄ የመጣ ልማድ ነው፤ የታመመ ልጅ ግን ያን ቀን መጠበቅ አይችልም። ሆስፒታል መድረስ የማይቻል ከሆነም ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ይኬድ። እ.ኤ.አ. በ2013 በተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከባድ ኢንፌክሽን የተጠረጠረበትን ጨቅላ በጄንታማይሲን መርፌና በአሞክሲሲሊን እንዲያክሙ ሠልጥነዋል።