መቶኛው ድምፅ

አሜሪካ ውስጥ ማን ማንን ማግባት እንደሚችል ለረጅም ዘመን የወሰነው የፌደራሉ መንግሥት አይደለም። የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው፣ የዕድሜ ገደብ የሚያወጣው፣ ፍቺን የሚደነግገው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። አሠራሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የተሻሻለው የፌደራል የቤተሰብ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ሲሆን ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ በምክር ቤታቸው ያወጣሉ። ስለዚህ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በአሜሪካ እንዴት ሕጋዊ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ከሰጠው ውሳኔ ከጀመረ ታሪኩን ከጅራቱ ያዘው ማለት ነው። ከዚያ በፊት በየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ዓመታት የፈጀ ክርክር ነበር። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን መጀመሪያ የቀሰቀሱት ፍርድ ቤቶች ናቸው። በ1993 የሃዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የጋብቻ ፈቃድ መከልከል የጾታ አድልዎ ሊሆን እንደሚችል ሲገልጽ ብዙዎች ደነገጡ። በ1996 ኮንግረስ ለፌደራል ሕግ ጋብቻ ማለት የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ ነው ብሎ ደነገገ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም ፈረሙበት። በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ 30 የሚጠጉ ክፍለ ግዛቶች ክልከላውን በሕገ መንግሥታቸው ጻፉ። ማሳቹሴትስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በ2004 የመጀመሪያዎቹን ጥንዶች ሲያጋባ፣ ከተቃዋሚዎች ጎልቶ የተሰማው መከራከሪያ ይህን ያመጡት ዳኞች እንጂ የሕዝብ ተወካዮች አይደሉም የሚል ነበር። እንግዲያው ጥያቄው ወደ ተወካዮቹ ዞረ፦ በሕዝብ የተመረጠ ሰው ስሙ ሲጠራ «እደግፋለሁ» ለማለት ይደፍራል?

የካሊፎርኒያ ምክር ቤቶች በ2005 ደፈሩ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ በማጽደቅ በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ሆኑ። አገረ ገዥው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ግን ሻሩት፤ በ2007 እንደገና ሲቀርብላቸውም እንደገና ሻሩት።

የቨርሞንቱ ታሪክ ረጋ ብሎ መታየት አለበት። ይህች ትንሽ ክፍለ ግዛት በ2000 «ሲቪል ዩኒየን» የተባለ፣ የጋብቻን መብቶች ይዞ ጋብቻ ግን የማይባል ሥርዓት አውጥታ ነበር። ዋጋውን ተወካዮቹ ከፈሉት፤ በዚያው ዓመት ኅዳር በተደረገው ምርጫ ሕጉን የደገፉ በርካቶች ወንበራቸውን አጡ። ዘጠኝ ዓመት አልፎ ሙሉ ጋብቻን የሚፈቅደው ረቂቅ ሲቀርብ በምክር ቤቱ ውስጥ ያ ምርጫ አልተረሳም ነበር። ረቂቁ አለፈ፤ አገረ ገዥው ጂም ዳግላስ ሚያዝያ 6 ቀን 2009 ሻሩት። በቨርሞንት የአገረ ገዥን ሽረት ለመቀልበስ ከተገኙት አባላት የሁለት ሦስተኛው ድጋፍ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዙር ረቂቁ በታችኛው ምክር ቤት ያገኘው ድጋፍ እዚያ አይደርስም ነበር። በማግስቱ ሴኔቱ 23 ለ5 ቀለበሰው። በታችኛው ምክር ቤት ስም እየተጠራ ተቆጠረ፦ 100 ለ49። ከ149 ድምፅ ሁለት ሦስተኛውን ለመሙላት የግድ 100 ያስፈልግ ነበርና አንድ ሰው ቢጎድል ሕጉ ይወድቅ ነበር። ቀድሞ የተቃወሙ አባላት ሐሳባቸውን ባይለውጡ ቁጥሩ አይሞላም ነበር። ቨርሞንት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በምክር ቤት ድምፅ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የፈቀደች የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት የሆነችው እንዲህ ነው።

በምክር ቤት ማለፍ ግን የመጨረሻው ደጃፍ አይደለም። በሜይን አገረ ገዥው በግንቦት 2009 የፈረሙት ሕግ ገና ሥራ ላይ ሳይውል በኅዳር ሕዝበ ውሳኔ ተሻረ። ለሠርጋቸው ሲዘጋጁ የነበሩ ጥንዶች ሦስት ዓመት ጠበቁ፤ በ2012 ያው መራጭ ሕዝብ ፈቀደላቸው። የሰው ትዳር በጎረቤቶቹ ድምፅ ሲፈቀድና ሲከለከል ማየት ከባድ ነገር ነው፤ ይህን መንገድ የሚያወድስ ሁሉ የሜይንን ሦስት ዓመት አብሮ ማስታወስ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤትም በታኅሣሥ 2009 ሕጉን አጽድቆ ነበር፤ ዲሲ ግን ክፍለ ግዛት ስላልሆነች ሕጓ በኮንግረስ የግምገማ ጊዜ ማለፍ አለበትና ፈቃድ መስጠት የተጀመረው በመጋቢት 2010 ነው።

ኒውዮርክ ላይ ጨዋታው ሌላ ነበር። የታችኛው ምክር ቤት ረቂቁን ደጋግሞ ሲያሳልፍ ሴኔቱ በታኅሣሥ 2009 በ38 ለ24 ጣለው። በ2011 ሴኔቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር፤ አገረ ገዥው አንድሩ ኩዎሞ የእነርሱን ድምፅ ካላገኙ ሕጉ አያልፍም። ድርድሩ ያረፈው በሃይማኖት ነፃነት አንቀጾች ላይ ነው። የሃይማኖት ተቋማት አዳራሻቸውን ለእንዲህ ያለ ሠርግ ባለመስጠታቸው እንዳይከሰሱ ተደነገገ፤ ከሕጉ አንዱ ክፍል በፍርድ ቤት ቢሻር ሕጉ በሙሉ እንዲወድቅ የሚያደርግ አንቀጽም ገባበት። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ብልህ ነው፤ የሃይማኖት ጥበቃውን ነጥሎ ማፍረስ ለማንም እንዳይጠቅም አድርጎ አሰረው። ሰኔ 24 ቀን ማታ አራት ሪፐብሊካኖች ደግፈው 33 ለ29 አለፈ፤ ኩዎሞ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ፈረሙ። ከዴሞክራቶቹ የተቃወሙት አንድ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም የጴንጤቆስጤ ቄስ ሩበን ዲያዝ ናቸው። ከአራቱ ሪፐብሊካኖች በ2012ቱ ምርጫ ወንበራቸውን ያተረፉት አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚያደባልቀውን ነገር ላጥራ። እነዚህ ሕጎች የሚናገሩት መንግሥት ስለሚሰጠው ፈቃድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቄስ ወይም ፓስተር ሲያጋባ እንኳ ወረቀቱ የክፍለ ግዛቱ ነው፤ ሥርዓቱ ግን የእምነቱ ነው። የትኛውም ምክር ቤት የትኛውንም ካህን አጋባ ብሎ አላዘዘም፤ ሊያዝም አይችልም። ፈቃዱ የሚያመጣው ውርስን፣ ግብርን፣ ሆስፒታል ውስጥ ለታመመ ባል ወይም ሚስት መወሰንን የመሰሉ ጉዳዮችን ነው። ኢዲት ዊንዘር የተባሉ የኒውዮርክ ነዋሪ ከ40 ዓመት በላይ አብረዋቸው የኖሩት የትዳር አጋራቸው በ2009 ሲሞቱ፣ ክፍለ ግዛታቸው ጋብቻቸውን ቢያውቅም የፌደራሉ መንግሥት አላውቅም ብሎ ከ363 ሺህ ዶላር በላይ የውርስ ግብር አስከፈላቸው። ያንን የ1996 ሕግ ዋና ድንጋጌ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2013 የሻረው በእርሳቸው ክስ ነው።

ብዙ አማርኛ ተናጋሪ በሚኖርባቸው ሜሪላንድና ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ምክር ቤቶቹ በ2012 ሕጉን አሳለፉ። የሜሪላንድ ታችኛው ምክር ቤት ድምፅ 72 ለ67 ነበር፤ 71 ይበቃ ነበር። ተቃዋሚዎች ፊርማ አሰባስበው ሁለቱንም ወደ ሕዝበ ውሳኔ ወሰዷቸው። በኅዳር 2012 ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሲያትል ውስጥ የመረጠ አበሻ የፕሬዚዳንት ምርጫውን በያዘው ወረቀት ላይ ይህም ጥያቄ ቀርቦለታል። ሁለቱም በጠባብ ልዩነት ጸደቁ። በዚያው ቀን የሚኔሶታ መራጮች ክልከላው በሕገ መንግሥታቸው እንዲጻፍ የቀረበውን ሐሳብ ጣሉ፤ ስድስት ወር ጥቂት እንዳለፈ ምክር ቤቱ እራሱ ጋብቻውን ፈቀደ። 2013 ሮድ አይላንድን፣ ዴላዌርን፣ ሃዋይንና ኢሊኖይን ጨምሮ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ግን ፍርድ ቤቶች ቀደሙ፤ የ2015ቱ 5 ለ4 ውሳኔ ሁሉንም ክፍለ ግዛት ሲያስገድድ አብዛኞቹ ምክር ቤቶች ጋብቻውን በድምፅ አልፈቀዱም ነበር። በኔ ግምት በምክር ቤት ድምፅ በጸደቀውና በፍርድ ቤት በመጣው መካከል ያለው ልዩነት ዛሬም ይታያል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 የፅንስ ማቋረጥ መብትን ሲሽር የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻም እንዳይከተል የፈሩ ብዙዎች ነበሩ፤ ኮንግረስ በዚያው ታኅሣሥ ክፍለ ግዛቶች አንዱ የሌላውን ጋብቻ እንዲያውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ቨርጂኒያ በመጋቢት 2024 ፈቃድ በጾታ ምክንያት እንዳይከለከል የሚደነግግ የራሷን ሕግ አጽድቃ ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን ፈረሙበት። ያን ዕለት ግን መራጮች በ2006 በ57 በመቶ ያጸደቁት ክልከላ በሕገ መንግሥቷ እንደተጻፈ ነበር። እርሱን ለማውጣት ምክር ቤቱ ተመሳሳይ ቃል ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ምርጫ ተደርጎ፣ ማጽደቅ፣ ከዚያም ሕዝቡ ድምፅ መስጠት ነበረበት።