ጥሬው እህልና የጠፋው ወፍጮ



ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት በተተከለባቸው ኮምፒዩተሮች የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚያጋጥመው ችግር አለ። ይኸውም አዲስ ፕሮግራም ለመትከል ሲሞክር፣ ማሽኑ «ተስማሚ የሲ ኮምፓይለር አልተገኘም» ብሎ ሥራውን ያቆምበታል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣና ብዙ መስመር ስለሚያጅበው፣ ያየው ሰው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። አንዳንዱም ተስፋ ቆርጦ ዲስኩን በሙሉ አስጠርጎ ሌላ ሥርዓት ያስጭናል፤ ከዚያም የዓመት ሥራው አብሮ ተጠርጎ ያገኘዋል። በእውነቱ ግን ማሽኑም ፕሮግራሙም ደኅና ናቸው፤ የጎደለው አንድ መሣሪያ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ፕሮግራም በሁለት መልክ እንደሚገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ተሠርቶ ያለቀው ነው፤ ይህ እንደ ዱቄት ስለ ሆነ ወዲያው ይቦካል፣ ይጋገራል። ሁለተኛው ባለሙያዎቹ እንደ ጻፉት ያለው ጥሬ ጽሑፍ ነው፤ በእንግሊዝኛው አጠራር ሶርስ ኮድ ይሉታል። ይህ ደግሞ እንደ እህል ነው፤ ሳይፈጭ ለእንጀራ አይሆንም። ኮምፓይለር ማለት እንግዲህ ወፍጮው ነው፤ ሰው አንብቦ የሚረዳውን ጽሑፍ ተቀብሎ ማሽኑ ብቻ ወደሚያውቀው ቁጥር ይለውጠዋል። አጠናቃሪ የሚሉት ጸሐፊዎችም አሉ፤ እኛ ግን በየቢሮው የተለመደውን ስም ይዘናል።

ታዲያ ወፍጮው ከማሽኑ ጋር አብሮ ለምን አልመጣም? ሊኑክስን አዘጋጅተው የሚያከፋፍሉት ክፍሎች አብዛኛው ተጠቃሚ ዱቄት እንጂ እህል እንደማይፈልግ ስለሚያውቁ፣ ኮምፓይለሩን ብዙ ጊዜ በዕቃ ቤታቸው ትተው የቀረውን ብቻ ይልካሉ። የሚፈልገው ሰው ግን ያለ ዋጋ ይወስደዋል።

በምሳሌ እንየው። በደቡብ ጎንደር ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ያለው የጣራ ገዳም ደን በዕፅዋት ተመራማሪዎች የታወቀ ነው፤ የዛፎቹ ዓይነትና የመተካካታቸው ሁኔታ ተጠንቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እንግዲህ አንድ የደን ባለሙያ በዚያ ደን የወይራውን ቡቃያ፣ ችግኝና ትልልቅ ዛፍ ቆጥሮ፣ ቁጥሩን ሊያሰላ አር በተባለው ፕሮግራም ይጀምራል እንበል። ይህ ፕሮግራም በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት መምህራን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነው። ባለሙያው ተጨማሪ ክፍል ሲያወርድ ሥራው በዚያ መልእክት ይቆምበታል። የጎረቤቱ ቢሮ ባልደረባ ግን «በእኔ ዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር ተተክሏል» ይለዋል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ምክንያቱም ለዊንዶውስ የሚላከው ዱቄቱ ሲሆን፣ ለሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው እህሉ ነው። ሪፖርቱ የሚጠበቅበት ቀን ቢደርስ፣ ቡቃያው እየተተካ ነው ወይስ ደኑ እያረጀ ነው የሚለው ጥያቄ ያለ መልስ የሚያድረው በዚህ በትንሹ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ኮምፓይለሩ በእርግጥ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። የትእዛዝ መስኮቱን ከፍቶ «ጂ-ሲ-ሲ»፣ ቀጥሎም ክፍት ቦታ ትቶ ሁለት ሰረዝና «ቨርዥን» የሚለውን ቃል መጻፍ ነው። (ትእዛዞቹ በማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ሆሄ ይጻፋሉ፤ እዚህ የምንሰጠው ድምፃቸውን ነው።) የዕትም ቁጥር ከመለሰ ኮምፓይለሩ አለ ማለት ነው፤ ችግሩ ሌላ ነው። ትእዛዙ አልተገኘም ካለ ግን፣ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን በተባሉት ላይ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ብሎ የዕቃ ቤቱን ዝርዝር ማደስ፣ ከዚያም «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቢልድ-ኢሴንሻል» ማለት ይበቃል። ይህ አንድ ስም ኮምፓይለሩን፣ ሥራውን በተራ የሚመራውን ሜክ የተባለውን መሣሪያና ሌሎች አጋዦችን አሰባስቦ ያመጣል። በፌዶራ ላይ «ሱዶ ዲኤንኤፍ ኢንስቶል ጂ-ሲ-ሲ ሜክ» ይባላል። ሱዶ የሚለው ቃል የኃላፊነት ሥልጣን ስለሚጠይቅ፣ የመንግሥት ንብረት በሆነ ማሽን ላይ አስቀድሞ ማሽኑን ለሚጠብቀው ባለሙያ መንገር ተገቢ ነው።

በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከውጭ አገር ተሠርቶ ያለቀ መድፍ መጠበቁን ትተው መድፍ የሚሠራበትን ሥፍራ ያቋቋሙት በዚያ ነው። በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት ለስብከት የመጡት ሚስዮናውያን፣ በንጉሡ ትእዛዝ ወደ ብረት ሥራ ገቡ። መድፍ ከመቅለጡ በፊት ምድጃው መሠራት ነበረበት፤ ከምድጃውም በፊት እሳቱን የሚችለው ጡብ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነበር፤ ወደ መቅደላም ለማድረስ መንገድ እየተቆፈረ፣ በብዙ ሺሕ ሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1860 ዓ.ም. ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ስለ ጋፋት ሲነገር መድፉ ብቻ መነሣቱ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም፤ ትልቁ ነገር ምድጃው ነበር። ኮምፓይለርም እንዲሁ ምድጃ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ጂ-ሲ-ሲን በ1987 እ.ኤ.አ. ለሁሉ በነፃ ባያወጣው ኖሮ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑክስን የጀመረው የፊንላንዱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የጻፈውን የሚፈጭበት መሣሪያ ከሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት።

ወደ ሥራችን እንመለስ። የኢንተርኔት መስመር በሚቆራረጥበት ወረዳ፣ የዴቢያንን ሙሉ የዲቪዲ ቅጂ ከከተማ አስመጥቶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው፤ ኮምፓይለሩ በውስጡ ስላለ «አፕት-ሲዲሮም» በተባለው ትእዛዝ ከዚያው ላይ መትከል ይቻላል። ነገር ግን ቅጂው በማሽኑ ላይ ካለው ዕትም ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የተለያየ ከሆነ አንዱ ዕቃ ሌላውን አልቀበልም እያለ ያደክማል። እንደዚሁም ከመፍጨት በፊት የተፈጨ መኖሩን መጠየቅ ድካም ያድናል፤ ከአር ተጨማሪ ክፍሎች ብዙዎቹ «አር-ክራን» በሚል መነሻ ስም ተዘጋጅተው በኡቡንቱ ዕቃ ቤት ይገኛሉ።

ኮምፓይለሩ ከተተከለ በኋላም ሁለተኛ መልእክት ሊመጣ ይችላል። ፎርትራን የተባለው አሮጌ ቋንቋ ኮምፓይለር ጠፋ ቢል፣ «አር-ቤዝ-ዴቭ» የሚለውን መትከል ነው። በነጥብና በኤች ፊደል የሚያልቅ ፋይል አልተገኘም ቢል ደግሞ፣ የጎደለው ወፍጮው አይደለም፤ ፕሮግራሙ የሚደገፍበት የሌላ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ ነው። ይህ መግለጫ በኡቡንቱ «ዴቭ»፣ በፌዶራ «ዴቨል» በሚል መጨረሻ ስም ለብቻው ይቀመጣል። ለምሳሌ ከርል የተባለው ክፍል «ሊብከርል-4-ኦፕንኤስኤስኤል-ዴቭ» የሚለውን ይጠይቃል። መልእክቱ ግልጽ ካልሆነ፣ በሥራው ማኅደር ውስጥ «ኮንፊግ-ነጥብ-ሎግ» የተባለ መዝገብ ካለ እርሱን ከፍቶ ስሕተቱ መጀመሪያ የታየበትን መስመር መፈለግ ነው፤ ከበታቹ የሚወርደው ብዙ ጊዜ የእርሱ ተከታይ ነው። የጎደለው ከተተከለ በኋላ ያንኑ የቀድሞውን ትእዛዝ እንደገና መስጠት ይበቃል።